የደምሴን በገና ይዤ ወደ ግሼ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ጥፍር መቁረጥ ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አዳማ በኅዳርም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ በረንዳው ላይ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ከፊቱ ተቀምጠናል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። የቀኝ እጁን ጨርሼ ግራውን ስይዝ፣

«የግራውን ተይልኝ» አለ።

«ለምን? ቃልቻ ልትሆን ነው?» አልኩት።

ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ፤ አምስቱንም ከሥሩ አድርጌ ቆረጥኩለት። ቁራጩን ጠርጌ ራት ለማቅረብ ገባሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከጎረቤት ደጃፍ ቆሞ ሲያወራ ልቡ ቆመ።

የማኅበራችን እህቶች፣ «ሄደሽ ያየሽውን ጻፊልን» ብላችሁኛል። ከእናንተ መካከል ግሼን የሚያይ ያለ አይመስለኝም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርዱም አይቻልም። እኔ ቶሎ አልጽፍም። በቀን ግማሽ ገጽ ከሆነልኝ ተመስገን እላለሁ። የምጽፈው ግን መንገዱን ብቻ አይደለምና ታገሡኝ።

ደምሴ የግሼ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ነው። አዳማ የመጣው በመሬት ቀያሽነት ተቀጥሮ ነው፤ ሲመጣም የአባቱን በገና ተሸክሞ መጣ። በገና አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ዐሥር አውታር ያለው፣ ተቀምጠው ሲይዙት ከራስ በላይ የሚሆን ትልቅ ዕቃ ነው። ድምፁ ወፍራምና የሚነዝር ነው። ደምሴ በየጾሙ ከሥራ ሲመለስ ጓዳ ገብቶ ይደረድር ነበር። ያስተማሩት ታላቅ እህቱ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሞባይል ሁሉም ጋ ከገባ ወዲህማ ስልኩን ከበገናው አጠገብ አስቀምጦ ግሼ ድረስ ያሰማቸው ነበር።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም የመዘምራኑ ልምምድ እኛ ቤት ነበር። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ፤ አዲሱን መዝሙር በኦርጋን ስንለማመድ። ከመካከላችን አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ ወደ ጓዳው ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ቤታችሁ ሰው ሞቷል እንዴ?» አለች። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ስጨርስ ግን ፊቴ ጋለ፤ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና «ይሄን የዝንብ ጩኸት ወይ ታቆመዋለህ፣ ወይ ይዘኸው ትወጣለህ» አልኩት። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም፤ በሩም ክፍት ነበር። በነጋታው በገናውን በጋቢ ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቆመው። ከዚያ በኋላ ተነጋግረንበት አናውቅም።

እትዬ በላይነሽ ጉልበታቸው ስለማይችል ለቀብሩ አልመጡም። በስልክ ሲያለቅሱ ቆዩና፣

«ያ የታመመው ግራ እጁ ተሽሎት ነበር? በዚህ ጾም እደረድርልሻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ስልኩ ላይ በገናው ለምን እንደጠፋ ሲጠይቁት፣ ሚስቴ ከለከለችኝ ከማለት እጄን ያመኛል ብሏቸዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ጥፍሩን ተይልኝ ያለኝም ለዚህ ነበር፤ በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ጥፍር ነው።

እኔስ ምን አልኩ? «አዎ፣ ያመው ነበር» አልኩ።

አርባው እንደወጣ እንደገና ደወሉ። «የአባቴን በገና አምጪልኝ፤ ጾሙ ሳይፈታ ለነፍሱ አንድ ቀን ልደርድርለት» አሉ። እሺ አልኩ። ይዤው ስሄድ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከመነሣቴ በፊት በገናውን ከጋቢው አውጥቼ ጠረግኩት። የተቀመጠበት ሁኔታ እንዳያሳፍረኝ ነው። አውታሮቹ ከሥር ከሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ ከየአውታሩ ሥር የታጠፈች ጥቁር የቆዳ ቁራጭ ተሰክታ አገኘሁ። ሽታ ይዛለች፣ ቆሽሻለች። አውታሩ እንጨቱን እንዳይበላው በልጅነቱ የሰካት ውታፍ መሰለችኝ። ዐሥሩንም አንድ በአንድ ነቅዬ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩ። እንጨቱን ዘይት ቀባሁት፤ አማረ።

ታኅሣሥ ሃያ አራት

መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ ጠይቄ ከአዳማ በጠዋት ወጣሁ። እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ጋቢ የለበሰውን ዕቃዬን አየና፣

«እማማ፣ እሱ ጣሪያ ላይ ይጫን» አለኝ።

«አይጫንም።»

«ምንድን ነው?»

«ዕቃ ነው።»

«ዕቃማ ሁሉም ዕቃ ነው! የቤትዎን በር ነቅለው ነው እንዴ የመጡት?»

ሰው ሳቀ። በገና ነው ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ መልሱ ቀላል ነበር። ቤቴ ውስጥ ያፈርኩበትን ነገር አውቶቡስ ውስጥም አፈርኩበት። በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ እንደ ልጅ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ትንሽ ቆይተው እጃቸውን በጋቢው ላይ አሳለፉ።

«በገና ነው» አሉ። «ይደረድራሉ?»

«የባለቤቴ ነው።»

«እሳቸው የት አሉ?» ብለው ቀና ሲሉ ጥቁር ልብሴን አዩ። እግራቸውን ወደ መተላለፊያው አውጥተው ለበገናው ቦታ ለቀቁለት፤ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚያልፈው ሁሉ እየረገጣቸው እንደዚያው ተቀመጡ።

ደብረ ብርሃን ያደርኩበት ክፍል ንጹሕ ነው። እኛ አዳማ ለነፋስ መስኮት እንከፍታለን፤ እዚህ አከራይዋ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ወትፋዋለች። ሁለት ሹራብ ደርቤ ተኛሁ።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት

ከጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሾፌሩ በዝግታ ይነዳል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ጉም እንደሌለ ሁሉ ያወራል። ጉሙ ሲገልጥ ሜዳው ሁሉ ገብስ ታጭዶ የቀረ ቃርሚያ ነው፣ በየቦታው ክምር፣ በየክምሩ ሥር በጎች። የእኛ አገር ሜዳ በዚህ ወር አቧራ ነው። እዚህ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል።

ከሞላሌ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ነፋስ ስለሌለው ሾፌሩ በሌላ መኪና ይዞት ሄደ፤ እኛ ሜዳ ላይ ከግማሽ ቀን በላይ ተቀመጥን። አንዲት ሴት ከነጠላዋ ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትታ አፈሰችልኝ።

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከአዳማ።»

«ወዴት?»

«ግሼ።»

«ውይ በሞቴ! በዚህ ብርድ? ሰው ከግሼ ወደ አዳማ ይሄዳል እንጂ ከአዳማ ወደ ግሼ ይሄዳል?»

ለምን እንደምሄድ ስነግራት ቆሎዋን ሙሉ በሙሉ ጭኔ ላይ ገለበጠችልኝ። ባል የሞተባት ሴት መንገድ ላይ ባዶ እጇን መቀመጥ የለባትም አለች። ከእኔ የሰማችው ግን ግማሹን ነው፤ «ባለቤቴ እጁን ያመው ስለነበር በገናውን ለእህቱ ልመልስ ነው» ብያት ነበር። ውሸቱን ለመናገር የሄድኩ ይመስል ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት።

መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቷል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረቡልኝ። የእኛ ጤፍ የለመደ ጉሮሮ መጀመሪያ ይከብደዋል፤ ሲቀጥል ግን ሆድ ያሞቃል። በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ሞልተው በፎጣ ጠቅልለው «እግርሽ ሥር አድርጊው» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ በገናውን ምድጃው አጠገብ አስደግፌ እንዳቆምኩት አዩ።

«ኧረ ከእሳት አርቂው! አውታሩ የበግ አንጀት አይደለም እንዴ? ይደርቅብሻል።»

አነሣሁት። በገናው ቤቴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል፤ አውታሩ ከምን እንደሚሠራ ያወቅኩት እዚያ ምድጃ አጠገብ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት

ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሄድኩ። ራቤል ገበያው ዳር የእትዬ በላይነሽ ምራት ታንጉት በቅሎ ይዛ ትጠብቀኛለች። ባሏ ለውቂያ ሌላ መንደር ሄዷል። ከዚህ ቀደም ተያይተን አናውቅም፤ በገናውን አይታ ነው ያወቀችኝ። ለቅሶዋን ካለቀሰች በኋላ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ በቅሎዋን አቀረበችልኝ።

«ይውጡ እትዬ። አይፍሯት፤ እሷ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት።»

«በገናውስ?»

«እኔ እሸከመዋለሁ። በቅሎ ላይ አይሆንም፣ አባታችን ይቆጡናል።» አባታችን ያለችው የደምሴን አባት ነው፤ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድን። ገደሉን ላለማየት የበቅሎዋን ጆሮ ሳይ ነበር። የማልረሳው ግን ገደሉን አይደለም። የምናገኘው ሰው ሁሉ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፤ ቀጥሎ «እጁስ እንዴት ሆኖለት ነበር?» ይላል። እህል የሚወቃ ሰው ከአውድማው ጮኾ ጠየቀ። ውኃ የምትቀዳ ሴት ጠየቀች። አንድ ቄስ መስቀል አሳልመውኝ ጠየቁ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ስለ እጁ እንዴት አወቀ?» አልኳት ታንጉትን።

«እንዴት አያውቅም? የደምሴ እጅ እኮ እዚህ ከደምሴ ይበልጥ የታወቀ ነው» አለችና ሳቀች።

እትዬ በላይነሽ በዱላ ተደግፈው እስከ አጥሩ በር ወጥተዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አቀፉኝ፤ ለረጅም ጊዜ አለቀስን። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፤ ውስጡ በኩበት ጭስ ጠቁሯል፣ ይሞቃል። መደብ ላይ አስቀመጡኝና ታንጉትን ሙቅ ውኃ በገበቴ አስመጥተው ዝቅ ብለው ጫማዬን ይፈቱ ጀመር።

«እትዬ፣ ይተዉ! እኔ ነኝ ማጠብ ያለብኝ!»

«ዝም በይ። ዐሥራ አንድ ዓመት የወንድሜን እጅ አስታመሽልኛል። እግርሽን ባጥብ ምን አለበት?»

አጠቡኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አሹ። እያሹም በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል ለእጁ ጧፍ እንደሚያስገቡ፣ መንደሩም አብሮ እንደሚያዋጣ፣ ጉልበታቸው ሳይታመም በፊት ገደሉን ወርደው ወጥተው በእግራቸው ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። የዘንድሮውንም ከሳምንት በፊት ለነፍሱ ብለው አስገብተዋል። «የሞተ ሰው እጁን አያመውም፤ ግን ልማድ ሆኖብኝ ስለ እጁም አብሬ ለመንኩ» አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እግሬ እጃቸው ውስጥ ነበረ።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት

ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደጅ አጎዛ አነጠፉና በገናውን አስመጡ። ጋቢውን ራሳቸው ፈቱት። በዘይት የተወለወለውን እንጨት አይተው «እሰይ፣ በደንብ ይዘሽዋል» አሉ። አውታሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቁ ሲቃኙ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የግራ እጃቸውን አስገብተው ነካ አደረጉት።

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ቲክ፣ ቲክ የሚል፣ የተወጠረ ገመድ ሲነኩት የሚሰማው ዓይነት። ደግመው ነኩት። ጎንበስ ብለው አውታሮቹ የሚያርፉበትን እንጨት በጣታቸው ዳሰሱ።

«እንዚራው የት ሄደ?»

«ምን?»

«ቆዳው። ከየአውታሩ ሥር ያለው ቆዳ። እሱ ነው እኮ የሚያናግረው። እንዚራ የሌለው በገና ክር ነው።» ታንጉትን ዘወር ብለው አዩ። «ደምሴ እንዲህ አያደርግም። እጁ ቢታመም ልቡ አልታመመ። የአባቱን በገና አፉን አይዘጋም።»

እሱን እንዲህ ሲያምኑት ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ እትዬ። ቆሻሻ መስሎኝ ነቅዬ ጣልኩት። ከመምጣቴ በፊት ነው።»

«አላወቅሽማ» አሉ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። «ከተማ ያደግሽ ነሽ፣ በምን ታውቂ።»

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ይቅር ብለውኛል፤ ይቅር ያሉኝ ግን ለትንሹ ነው። ትልቁን ገና አልነገርኳቸውም።

«እጁንም አላመመውም» አልኩ።

ታንጉት የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኦርጋኑን፣ ሳቁን፣ ዝንብ ያልኩትን፣ ክፍቱን በር፣ የቆረጥኩትን ጥፍር። በስልክ «ያመው ነበር» ብዬ የዋሸሁትንም። እሳቸው ዓይናቸውን ከበገናው ላይ አላነሡም። ስጨርስ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ። እስከ ከሰዓት በኋላ አልወጡም። ታንጉት የባቄላ ንፍሮ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች።

«ይብሉ» አለችኝ። «እሳቸው ሲያዝኑ እንዲህ ናቸው። ሲቆጡ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጎረቤት ይሰማ ነበር።»

አልበላሁም። ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ሰርቄ ስያዝ የቆምኩት መቆም ትዝ አለኝ። ያኔም ሰዎች እንዲቆጡኝ እመኝ ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት

የገና ዋዜማ ነው፤ የጾሙ መጨረሻ ቀን። እትዬ ከቤት ሲወጡ የደረቀ የቆዳ ቁራጭና መቀስ ይዘዋል። አጎዛው ላይ ወረወሩልኝ።

«በይ ቁረጪ» አሉኝ። «የአውራ ጣትሽን ጥፍር ያህል። ዐሥር።»

ቆረጥኩ። ቆዳው ይከብዳል፣ መቀሱ ዱልዱም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት «ወፈረ» ብለው ጣሉብኝ። አራተኛውን አጥፈው ከአውታሩ ሥር ሰክተው ነኩት፤ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ አድርገው እንደገና ነኩት። በድንገት አውታሩ ነዘረ። ያ ድምፅ፣ ከጓዳዬ ያባረርኩት፣ ደጁን ሞላው።

«ዝንብ ነው ብለሽዋል» አሉኝ፤ ስለ ነገሩ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነበር። «አልተሳሳትሽም። ዝንብ የማያርፍበት ሥጋ የት አለ? እሱን እንዳንረሳ ነው የሚጮኸው።»

ዐሥሩ እስኪሰካ ቀትር አለፈ። ከዚያ ለደምሴ ደረደሩለት። ድምፃቸው ተሰብሯል፣ ከበገናው አይበልጥም፤ የሚያንጎራጉሩት ለሰው ሳይሆን ለራሳቸው ይመስላል።

ደጅህ ሩቅ ነው ጌታ ሆይ፣ መንገዱም ዳገት፤
ስንቄን ሳልቋጥር መሸብኝ፣ አንተው ጠብቀኝ ከበርህ ፊት።

እኛ ስንዘምር ሰው እንዲሰማን እንዘምራለን፤ ድምፅ ማጉያ እንከራያለን፣ ልብስ እናሰፋለን። ያ ክፉ ነው አልልም፤ እናንተም እኔም በዚያ ጸልየናል። እዚህ ግን የሚሰማ ሰው እንኳ አያስፈልግም። ሰውየው ጓዳ ገብቶ ስለ ሞቱ ከአምላኩ ጋር ይነጋገራል። ደምሴ እያንዳንዱን ጾም እንዲህ ሲነጋገር ኖሮ፣ እኔ በመካከል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት ከማን ጋር እንደተነጋገረ አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

እትዬ ሲጨርሱ እንባቸውን ጠረጉና በገናውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። በእነሱ ቤት ወግ ጾም ከተፈታ በገና አይነካም።

«ለእኔ ነግረሽኛል» አሉኝ። «ጧፉን ያስገባሁት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መንደሩ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እዚህ ይሰበሰባል። አንቺ ትነግሪያለሽ። እኔ አፌን አልከፍትም።»

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው። ማሕሌቱን የቆሙት ስድስት ካህናት ናቸው፤ አንድ ከበሮ፣ ጥቂት ጸናጽል፣ መቋሚያ። መብራት የለም፣ ጧፍ አለ። ጎኔ የቆመችው ሴት ስንቀጠቀጥ አይታ በርኖሷን ግማሹን አለበሰችኝ፤ እስከ መጨረሻው በአንድ በርኖስ ቆምን።

ጾሙ ተፈትቶ እትዬ ቤት ሰው ሞላ። በጉ ታርዷል፤ ታንጉት አንጀቱን ለአውታር ለይታ አስቀምጣለች። መብሉ ሲያልቅ እትዬ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ እዚያ ግን ምሰሶውን ይዤ ተናገርኩ። ደምሴ እጁን ታሞ እንደማያውቅ፣ የከለከልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በእኔ ፋንታ በእጁ እንዳመካኘ ነገርኳቸው። የለመናችሁት ለሌለ በሽታ ነው፤ ይቅር በሉኝ አልኩ።

ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። ከመንደሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ አንድ መሪጌታ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጽዋቸውን አስቀመጡና፣

«እንዲያማ ከሆነ ጸሎታችን ሠምሯል በሉኛ!» አሉ። «ለእጁ ለመንን፤ እጁ ደህና ነበረ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታንጉት እንስራውን እስክትደገፍ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ፤ አሁን እየሳቁ አልነበረም።

«መለመን የነበረብን ለእርስዎ ጆሮ ነበር፣ እመቤቴ።»

እትዬ በላይነሽ አልሳቁም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ነገር ግን አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ሦስት ቀን ቆየሁ። በገናውን ለእሳቸው ትቼ ልሄድ ስል አልተቀበሉኝም።

«እኔ ነገ ተነገ ወዲያ ሟች ነኝ። አፉ የተዘጋው እናንተ ቤት ነው፤ እዚያው ይከፈት። ተማሪው።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«በዚህ ዕድሜሽ ጥፍር መቁረጥ ታውቂ የለ?»

ጾም ስላልሆነ በገናውን ከግድግዳ አላወረዱትም። ያስተማሩኝ ክንዴ ላይ ነው። እጄን ጭናቸው ላይ አስተኝተው የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደሚነካ በጥፍራቸው ክንዴን እየጫሩ አሳዩኝ፤ ስሳሳት ጠበቅ አድርገው ይጭራሉ። አዳማ ስደርስ ክንዴ ላይ ቀያይ መስመር ነበረ። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስሸኝ ታንጉት የተረፈውን ቆዳ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «እትዬ፣ ይሄኛውን እንዳይጠርጉት» አለችኝ።

መመለሻው እንደ መሄጃው ነበር፤ ጎማ ግን አልፈነዳም። የአውቶቡሱ ረዳት ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ «በገና ነው» አልኩት።

የግራ እጄን ጥፍር አልቆርጥም። ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጓዳውን በር ከፍቼ በገናውን እደረድራለሁ። የማውቀው አንድ መዝሙር ነው፣ እሱንም እስከ ግማሹ። ስልኩን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ስጨርስ አነሣውና እትዬን «ተሰማዎት?» እላቸዋለሁ።